ካፌውን እየወደዱ ኩባንያውን መጥላት ይቻላል?

ጥያቄው ደሴ ላይ ደጋግሞ ይነሳል። ብዙ ጊዜ የሚያነሱት አዲስ አበባ ተምረው የመጡ ወይም ዓረብ አገር ሠርተው የተመለሱ ልጆች ናቸው። አርማቸው ከሩቅ የሚታወቅ፣ በየከተማው ቅርንጫፍ ያላቸውን ካፌዎች ለምደው መጥተዋል። ማኪያቶው ይናፍቃቸዋል። ወንበሩም ይናፍቃቸዋል። ያው የናፈቀው ልጅ ግን ትንሽ ቆይቶ «እነዚህ ትልልቅ ኩባንያዎች ሰውን ሸማች ብቻ አደረጉት፤ ቡናችንን በርካሽ ወስደው በውድ ይሸጣሉ» ይላል። ጓደኞቹም ይቀበሉታል፦ «ታዲያ ለምን ትጠጣለህ?»

ክርክሩ አብዛኛውን ጊዜ እዚሁ በሳቅ ያበቃል። ጥያቄው ግን ደህና መልስ ይገባዋል። ልጁ የተምታታበት ነገር የለም። ሁለቱም ስሜቶቹ እውነት ናቸው፤ የሚመነጩትም ከአንድ ቦታ ነው።

ጉዳዩ ሰሞነኛም ነው። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት ለአገር ውስጥ ባለሀብት ተከልሎ የቆየውን የወጪ፣ የገቢ፣ የጅምላና የችርቻሮ ንግድ ለውጭ ባለሀብቶች ክፍት አደረገ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተወሰነ። በየካቲት 2017 ዓ.ም. ደግሞ የአረቢካ ቡና ዋጋ በኒውዮርክ ገበያ በፓውንድ ከ4 ዶላር በላይ ሄዶ ከዚያ በፊት ያልታየ ደረጃ ላይ ደረሰ። ቡና የሚጠጣም፣ ቡና የሚሸጥም፣ ካፌ ልክፈት የሚልም ሰው ስለ ትልልቅ ኩባንያዎች ማውራቱ አይገርምም።

ባለ ብዙ ቅርንጫፍ ካፌ እንዴት ነው የሚሠራው?

አንድ ስም፣ አንድ አርማና አንድ የአሠራር ደንብ ይዞ በብዙ ቦታ የሚከፈት ካፌ ነው። ብዙ ሰው ቼይን ይለዋል። ቼይን የሚስፋፋው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው፣ ኩባንያው ራሱ በገንዘቡ ቅርንጫፍ ይከፍታል። ሁለተኛው ፍራንቻይዝ ይባላል።

የእኩል እርሻን ለሚያውቅ ሰው ፍራንቻይዝ አይከብድም። ባለመሬቱ መሬቱን ይሰጣል፣ አራሹ በሬውንና ጉልበቱን ያመጣል፣ ምርቱን ይካፈላሉ። በፍራንቻይዝ መሬቱ ስሙ ነው። ስሙን የሚወስደው ነጋዴ ቤት ይከራያል፣ ማሽን ይገዛል፣ ሠራተኛ ይቀጥራል። ለስሙ ባለቤት ደግሞ የመግቢያ ክፍያና ከሽያጩ ድርሻ ይከፍላል። አንድ ትልቅ ልዩነት ግን አለ። እኩል አራሹ መቼ እንደሚያርስና መቼ እንደሚያርም ራሱ ያውቃል። ስም የወሰደው ነጋዴ ወተቱ ምን ያህል እንደሚሞቅ፣ ስኒው እስከየት እንደሚሞላ፣ ግድግዳው ምን ቀለም እንደሚቀባ ሳይቀር ተጽፎ ይሰጠዋል።

በዓለም ትልቁ የቡና ቼይን ስታርባክስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 ሲያትል ከተማ ሲከፈት የሚሸጠው የተቆላ ፍሬ እንጂ የተፈላ ቡና አልነበረም። ሃዋርድ ሹልትዝ የሚባል ሠራተኛው በ1983 ጣሊያን ሚላኖ ሄዶ የሰፈር ቡና ቤቶችን አየ፤ ሰው ለቡናው ብቻ ሳይሆን ለጨዋታውም እንደሚገባ አስተዋለ። በ1987 ኩባንያውን ገዛው፤ በ1992 አክሲዮኑ ለሕዝብ ገበያ ቀረበ። ዛሬ 40 ሺህ ገደማ ቅርንጫፎች አሉት። ኢትዮጵያ ውስጥ አንድም የለውም።

የኛዎቹ ሌላ ናቸው። ቶሞካ አዲስ አበባ ውስጥ ከ1953 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቡና ቆልቶ ይሸጣል። ካልዲስ በ2000ዎቹ አጋማሽ እ.ኤ.አ. የመጣ ሲሆን አረንጓዴውና ክቡ አርማው ወዲያው ስታርባክስን ያስታውሳል። ደሴ ውስጥ በየአዲሱ ሕንጻ ሥር የሚከፈቱት ካፌዎች ደግሞ አብዛኞቹ ቼይን አይደሉም፤ መልካቸውን፣ ምናሌያቸውንና አቀማመጣቸውን ግን ከቼይኖቹ ተምረዋል። እኔ «ትልቁ ካፌ» ስል እነዚህንም ጨምሬ ነው።

ሰው ምኑን ነው የሚወደው?

«ቡናውን» ብሎ የሚመልስ ብዙ ነው። ቡናው ብቻ ቢሆን ግን ደሴ ላይ ማንም አይቸገርም ነበር። ሰኞ ገበያ ወርዶ ጥሬውን ገዝቶ ቤቱ የሚያስቆላ ሰው ከየትኛውም ቼይን የበለጠ ትኩስ ቡና ይጠጣል። የሚወደደው ሌላ ነው።

አንዱ እርግጠኝነት ነው። ዋጋው ተለጥፏል። ትናንት የጠጣኸው ማኪያቶ ዛሬም ያው ነው፤ ሌላ ከተማ ብትሄድም ያው ነው። መጸዳጃ ቤት አለ፣ ውሃ አለው፣ በሩ ይዘጋል። ስልክህን የምትሰካበት አለ። ይህ ትንሽ ነገር የሚመስለው ካልተቸገረ ሰው ጋር ሲወራ ነው። ከወረዳ ለጉዳይ ደሴ የመጣ ሰው፣ ቢሮ እስኪከፈት ሁለት ሰዓት የሚጠብቅበት ቦታ ያጣ ሰው፣ ዋጋውን ያውቀዋል።

ሌላው መቀመጫው ነው። ሬይ ኦልደንበርግ የሚባል አሜሪካዊ የሶሲዮሎጂ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1989 «ሦስተኛ ቦታ» የሚል ሐሳብ አቀረበ። አንደኛው ቦታ ቤት ነው፣ ሁለተኛው ሥራ ነው፤ ሰው ከሁለቱም ውጭ ያለ ቀጠሮ የሚገናኝበት፣ ማዕረግ የማይጠየቅበት ሦስተኛ ቦታ ያስፈልገዋል አለ። ደሴ ይህ ሐሳብ ሳይጻፍም ታውቀው ነበር። ችግሩ ብርዱ ነው። ከተማዋ ከባህር ወለል 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ጦሳ ተራራ ሥር ናት። ሐምሌ ላይ ጉሙ ወርዶ ዝናቡ ሲጥል ደጅ መቀመጥ አይታሰብም። መስታወት ያለው፣ ሙቀት ያለው፣ መብራት ያለው ቤት ያኔ ከቡናው ይበልጣል።

ሦስተኛውን ብዙ ጊዜ አናወራውም፤ እኔ ግን ከሁሉም በላይ ከባድ ምክንያት ይመስለኛል። ቼይን ካፌን ስንወቅስ የምናነጻጽረው ከቤት ቡና ጋር ነው። የቤት ቡና ማኅበራዊ ነው፣ ሞቅ ያለ ነው፣ የኛ ነው እንላለን። ልክ ነው። እስቲ ግን ሥራውን እንየው። ፍሬው ይለቀማል፣ ይታጠባል፣ ይቆላል፣ ጭሱ ለሁሉም በየተራ ይቀርባል፣ ይወቀጣል። ከሰሉ ይያያዛል፣ ጀበናው ይጣዳል። ቄጠማው ይጎዘጎዛል፣ እጣኑ ይጨሳል፣ ቡና ቁርሱ ይቀርባል። አቦሉ ተቀድቶ ስኒው ይታጠባል፤ ቶናው ይከተላል፤ እንደገና ይታጠባል፤ በረካው ይመጣል። ወሎ ላይ በመሃሉ ዱአና ምርቃት አለ፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አንድ ረከቦት ዙሪያ ተቀምጦ «አሚን» እና «አሜን» ይላል። ይህ ሁሉ ከአንድ ሰዓት በላይ ይወስዳል። ተቀምጦ የሚጫወተው ብዙ ነው። ቁጭ ብድግ የምትለው ግን አንድ ናት፤ አብዛኛውን ጊዜ የቤቱ ሴት ልጅ። ለአባቷና ለጎረቤቱ ዕረፍት የሆነው ሰዓት ለእሷ ሥራ ነው።

ትልቁ ካፌ ውስጥ ግን እሷም እንግዳ ናት። ማንም «እስቲ ከሰል ጨምሪ» አይላትም። ደብተሯን ዘርግታ አንድ ማኪያቶ ይዛ ብቻዋን ብትቀመጥ ዞሮ የሚያያት ጥቂት ነው፤ እዚያ ብቻውን የሚቀመጥ ሰው ብርቅ አይደለም። የወሎ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሆና ለፈተና የምታጠና ልጅ ይህን ቤት ብትወደው የኩባንያ ማስታወቂያ አሳስቷት ነው ማለት ስህተት ነው። ከቤት ያጣችውን ነገር ነው ያገኘችው።

ታዲያ የማይወደደው ምኑ ነው?

የሸማችነት ባህል ሲባል ብዙ ሰው መግዛትና መሸጥን ያስባል። መግዛትና መሸጥማ ወሎ ውስጥ የኖረ ነው፤ ባቲ ገበያን ያየ ያውቀዋል። የሸማችነት ባህል የሚባለው ሰው ማንነቱን፣ ደስታውንና ክብሩን በሚገዛው ነገር መለካት ሲጀምር ነው። ባቲ ሄዶ ፍየል የሚገዛ ሰው ፍየሏን ይፈልጋል። አርማ ያለበት ስኒ ይዞ ፎቶ የሚነሳ ሰው ግን ከቡናው ጋር ሌላ ነገር ገዝቷል፤ «እኔ እንዲህ ዓይነት ሰው ነኝ» የሚል መልእክት።

ይህ በድንገት አይመጣም፤ ታስቦበት ይሠራል። አክሲዮኑ በገበያ የሚሸጥ ኩባንያ በየሦስት ወሩ ሪፖርት ያወጣል። ባለአክሲዮኖች የሚጠይቁት «ዘንድሮ ደህና አተረፋችሁ?» ብቻ አይደለም፤ «ከአምናው ስንት ጨመራችሁ?» ይላሉ። ሰው ደግሞ በቀን የሚጠጣው ቡና ልክ አለው። ስለዚህ ስኒው ይተልቃል። በየወቅቱ አዲስ መጠጥ ይመጣል። ስታርባክስ እ.ኤ.አ. በ2003 የዱባ ኬክ ቅመም ያለበት መጠጥ አወጣ፤ ዛሬ አሜሪካ ውስጥ የመጸው መግባት ከሚታወቅባቸው ነገሮች አንዱ ሆኗል። ስምህ ስኒው ላይ ይጻፋል። በስልክህ ነጥብ ይጠራቀምልሃል፤ ነጥቡ እንዳይቃጠል ስትል ያላሰብከውን ትጠጣለህ። እያንዳንዱ ለብቻው ሲታይ ትንሽ ነገር ነው። ተደምሮ ግን ሰው ሳይጠማው እንዲገዛ ያደርጋል።

መቀመጫውም ቢሆን ስጦታ አይደለም። በሚያዝያ 2018 እ.ኤ.አ. ፊላደልፊያ ከተማ ውስጥ ሁለት ጥቁር አሜሪካውያን ስታርባክስ ገብተው ሳያዝዙ ሰው ሲጠብቁ ሠራተኛዋ ፖሊስ ጠራች፤ ታስረው ወጡ። ቁጣው ሲበረታ ኩባንያው ማንም ሰው ሳይገዛም መቀመጥና መጸዳጃ ቤት መጠቀም ይችላል ብሎ ወሰነ። በጥር 2025 እ.ኤ.አ. ያንን ፈቃድ ለሰሜን አሜሪካ ቅርንጫፎቹ መልሶ አነሳው፤ አሁን መቀመጥ የሚፈልግ መግዛት አለበት። በሕግ መብቱ ነው፤ ቤቱ የራሱ ነው። ግን ሦስተኛው ቦታ የኩባንያ ንብረት ሲሆን በሩ የሚከፈተውም የሚዘጋውም ዋናው መሥሪያ ቤት ሲወስን መሆኑን ያሳያል።

የወረቀት ስኒው ቆሻሻም አለ። ውስጡ በስስ ፕላስቲክ ስለሚለበጥ እንደ ተራ ወረቀት በቀላሉ መልሶ ጥቅም ላይ አይውልም። የጀበናው ስኒ ታጥቦ ሺህ ጊዜ ይጠጣበታል።

ከአንድ ስኒ ለገበሬው ስንት ይደርሳል?

ትልቁ ቅሬታ ያለው እዚህ ላይ ስለሆነ በሂሳብ እንየው። የዓለም ዋጋ እጅግ ከፍ ባለበት ጊዜ፣ በፓውንድ 4 ዶላር እንበል። አንድ ፓውንድ ግማሽ ኪሎ አይሞላም፤ በኪሎ ሲሰላ 8.80 ዶላር ገደማ ነው። ቡና ሲቆላ ውሃው ስለሚተን ክብደቱ ይቀንሳል፤ ከአንድ ኪሎ ጥሬ ከ800 ግራም ብዙም ያልበለጠ የተቆላ ቡና ይወጣል። ስለዚህ አንድ ኪሎ የተቆላ ቡና የሚወጣበት ጥሬ ዋጋው ወደ 11 ዶላር ይጠጋል። ለአንድ ደብል ማኪያቶ 18 ግራም ቢገባ፣ በስኒው ውስጥ ያለው ጥሬ ቡና 20 የአሜሪካ ሳንቲም አይሞላም። አሜሪካ ትልልቅ ከተሞች ውስጥ ወተት ያለው ያ ስኒ 5 ዶላር አካባቢ ይሸጣል።

20ዋ ሳንቲምም ሙሉዋን ለገበሬው አትደርስም። ሰብሳቢው፣ አጣቢው፣ ላኪው፣ መርከቡ፣ መድኑ ይካፈሏታል። ይህን የሚሰማ ሰው ይናደዳል። ንዴቱ ግን ወደ ትክክለኛው ቦታ ቢሄድ ጥሩ ነው። የቀረው 4 ዶላር ከ80 ሳንቲም በሙሉ ትርፍ አይደለም፤ አብዛኛው የቤት ኪራይ፣ ደሞዝ፣ ወተትና ግብር ነው። ስኒው ውስጥ ከቡናው ይልቅ ቤቱ ይበዛል። ይህ በራሱ ቀደም ሲል ያልነውን ይደግፋል፦ ሰው የሚከፍለው በዋናነት ለመቀመጫው ነው። ገበሬው ደግሞ የመቀመጫው ድርሻ የለውም።

ድርሻ ሊያገኝ የሚችለው በስሙ ነው። ለዚህ አገራችን አንድ ታሪክ አላት። እ.ኤ.አ. በ2005 የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ጽሕፈት ቤት ሲዳሞ፣ ሐረርና ይርጋጨፌ የሚሉትን ስሞች በአሜሪካ የንግድ ምልክት አድርጎ ለማስመዝገብ አመለከተ። ሐሳቡ ቀላል ነበር፤ ቡናው የሚሸጠው በስሙ ከሆነ የስሙ ባለቤት ኢትዮጵያ ትሁን። ስታርባክስ ከዚያ በፊት «ሲዳሞ» የሚል ቃል ያለበትን የራሱን የቡና ስም ለማስመዝገብ አመልክቶ ነበር። የአሜሪካ ብሔራዊ የቡና ማኅበርም ጥያቄያችንን ተቃወመ። በ2006 ኦክስፋም የተባለው ዓለም አቀፍ የበጎ አድራጎት ድርጅት ዘመቻ ጀመረ፤ ጥሪውን ያቀረበው ቡና ለሚጠጡ ሰዎች ነበር። በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ለኩባንያው ጻፉ፣ ደወሉ፣ ፋክስ ላኩ። በሰኔ 2007 እ.ኤ.አ. ስታርባክስና ኢትዮጵያ ተስማሙ፤ ኩባንያው ስሞቹ የኢትዮጵያ መሆናቸውን አምኖ በፈቃድ ለመጠቀም ፈረመ።

ስምምነቱ የገበሬውን ኑሮ በአንድ ሌሊት አልቀየረም። ግን አንድ ነገር አሳየ። ቡናውን የሚወድ ሰው ኩባንያውን መቃወም ይችላል፤ ደንበኛ የሆነ ሰው ሲጽፍ ደግሞ ኩባንያው ይሰማል።

ኮምቦልቻ ምን ታስተምረናለች?

ከደሴ የሐረጎን ቁልቁለት ወርደን ኮምቦልቻ ስንደርስ የዚሁ ነገር ሌላው ጫፍ ይታያል። ደሴ ላይ ሸማች ሆነን ነው የምንከራከረው። ኮምቦልቻ ላይ ግን አምራቹ አለ። የኢንዱስትሪ ፓርኩ በሐምሌ 2009 ዓ.ም. ሲመረቅ ለውጭ ገበያ የሚሆን ልብስ የሚሰፉ ፋብሪካዎች ገቡ። ከገጠር የመጡ ወጣት ሴቶች የመጀመሪያ ደሞዛቸውን እዚያ ተቀበሉ። በ2014 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት ከተማውም ፓርኩም ተጎዳ። ከጥር 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደግሞ አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ፣ ማለትም ከቀረጥ ነጻ ገበያዋ አስወጣች፤ በአገሪቱ ያሉ የልብስ ፋብሪካዎች ብዙ ትዕዛዝ አጡ።

ልብስ የምትሰፋ ልጅን ስለ ሸማችነት ባህል ብንጠይቃት መልሷ ከኛ ይለያል። ሩቅ አገር ያለ ሰው ሳያስፈልገው ሸሚዝ ሲገዛ እሷ ደሞዝ ታገኛለች። መግዛት ሲያቆም ትቀነሳለች። ኢትዮጵያ ውስጥ ለግል ድርጅት ሠራተኛ በሕግ የተወሰነ ዝቅተኛ ደሞዝ ስለሌለ ደሞዙ ራሱ አነስተኛ ነው። ስለዚህ «ትልቅ ኩባንያ መጥፎ ነው» ማለት ለእሷ አይበቃትም። እሷን የሚጠቅማት ጥያቄ ደሞዙን፣ የሥራ ሰዓቱንና ትዕዛዙን ማን ይወስናል የሚለው ነው።

ጀበና ቡና ብጠጣስ? ገንዘቤ የት ይሄዳል?

መናፈሻ አካባቢ ላስቲክ ወጥራ፣ ረከቦት ዘርግታ የምትሸጥ አንዲት ሴት እናስብ። ለአንድ ስኒ የከፈልናት ብር ለጥሬ ቡና፣ ለስኳር፣ ለከሰል፣ ለእጣን፣ ለውሃ ይሄዳል። የተረፈው የልጅ ደብተር ይሆናል፣ እቁብ ይገባል። ቡናውና ስኳሩ ከሌላ ቦታ ስለሚመጡ የነሱ ዋጋ ከከተማው ይወጣል፤ ሌላው ግን ደሴ ውስጥ ይዞራል። ከሰል ሻጩም፣ እቁብተኛዋም እዚሁ ይገዛሉ።

ቼይን ላይ የከፈልነው ደግሞ በከፊል እዚህ ይቀራል፤ ደሞዝና ኪራይ የሚከፈለው እዚህ ነው። የስሙ ድርሻ፣ የተቆላው ቡና ዋጋና ትርፉ ግን ዋናው መሥሪያ ቤት ወዳለበት ይሄዳል። ኢኮኖሚስቶች ትንንሽ ሱቆች ለከተማ ይጠቅማሉ የሚሉት በአብዛኛው ለዚህ ነው፤ አንድ ብር ከከተማው ከመውጣቱ በፊት ስንት እጅ እንደሚያልፍ ያያሉ።

ፍትሐዊ እንሁን ካልን ግን ሌላውን ጎንም እንቁጠር። ሕግ የሚያከብር ትልቅ ካፌ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ሰብስቦ ያስገባል። ለሠራተኛው ጡረታ ይከፈላል፤ 7 በመቶ ከደሞዙ፣ 11 በመቶ ከአሠሪው። የጀበና ቡናዋ ባለቤት ጡረታ የላትም። ከታመመች ቀኑ ባዶ ነው። ዝናብ ሲጥል ትዘጋለች። አብዛኞቹ የቦታ ፈቃድ ስለሌላቸው መንገድ ሲሰፋና ኮሪደር ሲሠራ መጀመሪያ የሚነሱት እነሱ ናቸው። እሷን የምንወዳት ከሆነ ከፎቶዋ በፊት የምትሸጥበት ሕጋዊ ቦታ ያሳስበን ነበር።

ደግሞ «የኛ» እና «የውጭ» የሚለው መስመር የሚመስለንን ያህል ደማቅ አይደለም። ማኪያቶ የመጣው ከጣሊያኖች ነው። የማሽን ቡናውም፣ ኬኩም፣ ፒያሳ የሚለው የሰፈር ስምም እንዲሁ። ሰው ተቀበላቸው፣ እንደሚመቸው አደረጋቸው፣ ዛሬ ደሴ ላይ ማኪያቶ ፈረንጅ ነው የሚል የለም።

እንግዲህ ልጁ ግብዝ ነው?

የሚያምነውና የሚያደርገው ሲጋጭበት ሰው ውስጡ ይረበሻል። ሊዮን ፌስቲንገር የተባለ የሥነ ልቦና ምሁር ይህን እ.ኤ.አ. በ1957 አብራርቶታል። ሰው ረብሻውን ለማብረድ ወይ ድርጊቱን ይተዋል፣ ወይ እምነቱን ይቀይራል፣ ወይ ማመካኛ ይጨምራል። «እኔ ብተወው ምን ይለወጣል?» የሚለው ማመካኛ ነው። «ኧረ ኩባንያዎቹ ምን አደረጉ?» የሚለው እምነትን መቀየር ነው።

የካፌው ጉዳይ ላይ ግን አራተኛ መንገድ አለ ብዬ አምናለሁ፤ የምንወደውን በስሙ መጥራት። ልጁ የሚወደው እርግጠኝነቱን ነው። እርግጠኝነቱን የሠራው ያ የተጻፈ መመሪያ ነው፤ ሁሉንም ቦታ አንድ ዓይነት ያደረገውም ያው መመሪያ ነው። ማንም ሳይጠይቃት መቀመጥ የቻለችው ልጅ ነጻነቷን ያገኘችው ካፌው ማንነቷን ስለማያውቅ ነው፤ ሰፈሩን የማያውቅና ለሰፈሩ የማይጨነቅ ኩባንያ የሚያሰኘውም ያው አለማወቁ ነው። ጥሩውና መጥፎው የአንድ አሠራር ሁለት ውጤቶች ናቸው። ስለዚህ ግጭቱ ያለው ካፌው ውስጥ ነው። ልጁ የተሰማው በትክክል ስላየው ነው።

ግብዝነት የሚጀምረው ጀበና ቡና የምትሸጠውን ሴት በአደባባይ እያወደሱ አጠገቧ ሳይቀመጡ ሲቀሩ፣ ወይም ማኪያቶ የሚጠጣን ሌላ ሰው በማኪያቶው ብቻ ሲንቁ ነው።

ስታርባክስ ደሴ ይመጣል?

በቅርቡ መምጣቱ የማይመስል ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኢንቨስትመንት ደንብ ሬስቶራንት፣ ሻይ ቤትና ቡና ቤትን በአመዛኙ ለአገር ውስጥ ባለሀብት ከተተዉ ሥራዎች ውስጥ መድቧቸዋል። የ2016ቱ መመሪያ የከፈተው ሸቀጥ መሸጥን ነው። ስም ግን ከሕንጻ ቀድሞ ይገባል። ፒዛ ሃት በ2018 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ የተከፈተው በፍራንቻይዝ ነው፤ ስሙ የአሜሪካ፣ ገንዘቡን ያወጣው የአገር ውስጥ ድርጅት። ወደ ክልል ከተሞች የሚመጡ ቼይኖችም በዚህ መንገድ የሚመጡ ይመስለኛል።

ደሴ ያለ ሰው ምን ማድረግ ይችላል?

ካፌ የሚከፍት ሰው ከቼይን መቅዳት ያለበት አርማውን አይደለም። ዋጋ መለጠፍ፣ ውሃ ያለው መጸዳጃ ቤት፣ ብቻዋን ለመጣች ሴት ከበሩ ራቅ ያለ ጸጥ ያለ ጠረጴዛ፣ ዛሬም ነገም ያው ጣዕም፤ እነዚህ የስም ኪራይ አይጠይቁም። ቡናው የጅማ ይሁን የወለጋ ወይም የሌላ ቦታ፣ ምናሌው ላይ መጻፍም ብር አያስወጣም። የሚጠጣ ሰው ደግሞ አስተናጋጁን «ቡናው የየት ነው?» ብሎ መጠየቅ ይችላል። ጥቂት ሰው ደጋግሞ ከጠየቀ ባለቤቱ ማወቅ ግድ ይሆንበታል።

የቀረው የካፌ ሥራ እንኳ አይደለም። ከካፌው የምንወደው ግማሹ ከቡና ጋር አይገናኝም፦ መቀመጫ፣ መጠለያ፣ መብራት፣ መጸዳጃ ቤት። ይህን የከተማ አስተዳደር መስጠት ይችላል። ደሴም ኮምቦልቻም ኮሪደር እየሠሩ ነው፤ የእግረኛ መንገድ ይሰፋል፣ መብራት ይተከላል። እዚያ ላይ ዝናብ የሚያስጠልል ጣሪያ ያለው መቀመጫ፣ ንጹህ የሕዝብ መጸዳጃ ቤትና ለጀበና ቡና ሻጮች ቁጥር የተሰጠው ቋሚ ቦታ ይጨመር ብሎ መጠየቅ የነዋሪ መብት ነው። ቀበሌ ስብሰባ ሲጠራ ይህን የሚያነሳ ሰው ያስፈልጋል። ማኪያቶውን ጠጥቶ ቢመጣም ችግር የለውም።